የእናንተም ጠፍቷል?

መብራት የጠፋው ግንቦት ዘጠኝ ቀን 2078 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ሰዓቱን እንዲህ አስተካክዬ የማውቀው የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ እጅጌ እየሰፋሁ ስለነበር ነው። የስፌት መኪናዬ መርፌዋን ጨርቁ ላይ እንደሰካች ቀጥ አለች። ሉባባ የሚል ስም የወጣለት አውሎ ነፋስ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ተነሥቶ፣ በርበራን አቋርጦ ድሬዳዋ የገባው በዚያው ቀን ማለዳ ነበር። እስከ ቀትር የጣሪያ ቆርቆሮውን፣ የፀሐይ ሰሌዳውንና የሰው ልብሱን እየሰበሰበ ደቻቱ ወንዝ ውስጥ ሲጨምር ዋለ። ስምንት ሰዓት ላይ ደከመውና ሄደ፤ ሲሄድ መብራታችንን ይዞት ሄደ።

ዕድሜዬ አርባ ስድስት ነው። መብራት ይጠፋ የነበረበትን ዘመን የማስታውሰው እንደ ሕልም ነው፤ እናቴ ሻማ ፍለጋ መሳቢያ ስትጎረጉር ትታየኛለች። ከዚያ ወዲህ ጠፍቶ ስለማያውቅ ምን እንደሚደረግ አላውቅም ነበር። የቤቶቻችን መስኮቶች ቀትር ላይ ራሳቸውን ይዘጋሉ፤ ስለዚህ በጠራራ ፀሐይ ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ቤቱ ምን ላድርግ እንደሚለኝ ጠበቅሁ። ቤቱ ዝም አለ።

ከዚያ የቤቴ በር በቡጢ ተደበደበ። ለአሥራ አንድ ዓመት በሬን ማንም አንኳኩቶት አያውቅም፤ ሰው ሲመጣ የሚነግረኝ በሩ ራሱ ነበር።

«ክፈት!» አለች አንዲት ሴት።

«በሩ እምቢ አለኝ!» አልኳት ከውስጥ።

«ግፋው እንጂ አቦ፣ በር ነው!»

ገፋሁት፤ ተከፈተ። ጎረቤቴ እማማ ሜላት ቆማለች። ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሻሿን ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን አጋድላ የምታስር ሴት። ከሷ ጋር አንድ ግድግዳ ተጋርተን አሥራ አንድ ዓመት ኖረናል፤ ከዚያ ቀን በፊት ስለ እሷ የማውቀው ምሽት ላይ የምትሰማው ዜና በግድግዳው አልፎ እንደሚሰማ ብቻ ነበር።

«የእናንተም ጠፍቷል?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«መብራቱ ነዋ!»

«ጠፍቷል። ግን ለምን ትጠይቂኛለሽ? እኔ ምን አደርጋለሁ?»

ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ። ኋላ ሳስበው ያዘነችልኝ ይመስለኛል። «መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚደረገው ይሄ ነው» አለችኝ። «ጎረቤት ትሄድና የእናንተም ጠፍቷል ወይ ትላለህ። የነሱም ከጠፋ ችግሩ የመብራት ኃይል ነው፤ አርፈህ ትቀመጣለህ። የነሱ ካለ ግን ችግሩ ያንተ ነው። በል ተነሥ፣ ሌላውን እንጠይቅ።»

እንዲህ ሆነና የረድፋችንን ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ለቤት ተዋወቅሁት። ሦስተኛ ረድፍ ይባላል፣ ከከዚራ ጀርባ ነው፤ አሥራ ሰባት ቤት፣ አርባ አንድ ሰው። እማማ ሜላት በየበሩ እየቆመች ያንኑ ጥያቄ ጠየቀች። የሁሉም ጠፍቶ ነበር። እሷም በእያንዳንዱ «አዎ» ፊቷ እየፈካ ሄደ።

*

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያደረግነው ነገር ቢኖር መጠበቅ ነው። ማቀዝቀዣ ውስጥ የነበረው ሥጋ በሁለተኛው ቀን ተበላሸ፣ ወተቱ በሦስተኛው፣ ጠባያችን ደግሞ በአምስተኛው። የድሬ ግንቦት ምን እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው አልነግርም፤ ለማያውቅ ሰው ብነግረውም አያምነኝም። ቤቶቻችን የተሠሩት ለኤሲ ነው። መስኮታቸውን በግድ ብትከፍተው እንኳ የሚገባው ንፋስ ከውስጡ የባሰ ነው።

ስለዚህ ሰው ሁሉ ወደ ዚያድ ግቢ ፈለሰ። ዚያድ ጡረታ የወጣ የባቡር ተቆጣጣሪና የረድፋችን ተጠሪ ነው። ቤቱ የመጨረሻው ቤት ሲሆን ግቢው ውስጥ አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ አለ። ነፋሱ አንድ ቅርንጫፉን ገንጥሎ ቢወስድም የቀረው ለአርባ አንድ ሰው ጥላ ይበቃል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን ምንጣፉንና ትራሱን ተሸክሞ የማይመጣ አልነበረም። ከአሥረኛው ቀን በኋላ ምንጣፉን ወደ ቤት የሚመልስ ጠፋ።

እማማ ሜላት አስተዳዳሪያችን ሆነች። እርጥብ አንሶላ በንፋስ አቅጣጫ እንዴት እንደሚሰቀል፣ ውኃ በአሸዋ ውስጥ በተቀበረ እንስራ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ፣ ዜና ሳይሰሙ እንዴት እንደሚዋል አሳየችን። ወጣቶቹ ከብበዋት ስለ ልጅነቷ ይጠይቋታል። «በሳምንት ስንት ቀን ነበር የሚጠፋው?» ይሏታል። «ቆይ፣ የሚመጣውን ልቁጠርላችሁ» ትላቸዋለች። ይህን ስትናገር ስለ አንድ የጠፋ ክብር የምታወራ ነው የሚመስለው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ተደስተን ነበር ማለቴ አይደለም። ጠዋት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ደቻቱ ዳር ግማሿ ተሰብራ ባገኘናት የፀሐይ ሰሌዳ የዚያድን ስልክ ቻርጅ እናደርግና ወደ መብራት አገልግሎቱ እንደውላለን። የምታነሣው ሰው ሳትሆን ማሽን ናት። ስም ነበራት፤ እኛ ግን ድምጿ ነው የምንላት።

«ትዕግሥትዎን እናደንቃለን» ትላለች።

«ትዕግሥት አለኝ ማን አለሽ?» ይላል ዚያድ።

«እርስዎ ለእኛ አስፈላጊ ነዎት።»

ድሬ ውስጥ ሽማግሌም አንተ ነው፣ ሹምም አንተ ነው፤ አንቱታ የምናወጣው ልንጣላ ስንል ብቻ ነው። ስለዚህ ድምጿ እርስዎ ባለች ቁጥር ግቢው ሙሉ ይንጫጫል። በአሥራ አምስተኛው ቀን ሳቢያን ሰፈር መብራት መጣ። ሕዝቡ ሲጮህ እስከ እኛ ድረስ ተሰማ። ያን ቀን ማንም ምሳ አልበላም። ሳቢያን የተዳረች የገዛ እኅቴን እንኳ ለሁለት ቀን ጠልቻት ነበር።

*

በሃያ ሰባተኛው ቀን ድምጿ ራሷ ደወለች። ዚያድ ሁላችንም እንድንሰማ ስልኩን ምንጣፉ መሐል አስቀመጠው።

«ይህ ለሦስተኛ ረድፍ የተላለፈ ማሳወቂያ ነው» አለች። «ከአሥራ ሰባቱ ቤቶች አሥራ ስድስቱ ሰው የማይኖርባቸው ሆነው ተገኝተዋል።»

በየበራችን ጎን ቆጣሪ አለ። የድሮ ቆጣሪ ኤሌክትሪክ ይቆጥር ነበር ትላለች እማማ ሜላት፤ የኛው የሚቆጥረው ሰው ነው። የራሱ ባትሪ ስላለው ነፋስ መጣ፣ ጎርፍ መጣ ሥራውን አያቆምም።

«እንዴ፣ እንኖራለን እንጂ!» አለ ዚያድ። «ሁላችንም እኔ ግቢ ነን እኮ!»

«የእርስዎ ቤት አርባ አንድ ነዋሪ ያሳያል። ይህ ሊሆን ስለማይችል እንደ ስሕተት ተመዝግቧል።»

«ለምንድነው ሊሆን የማይችለው? ይኸው ነን! ጩኹ እስቲ!»

አርባ ሰው በአንድ ጊዜ «አለን!» ብሎ ጮኸ።

«አካባቢዎ ጫጫታ ስላለበት አልሰማሁዎትም» አለች ድምጿ። ከዚያ ባልተለወጠ አነጋገር ቀጠለች። ባዶ ረድፍ መልሶ ከሚገናኙት ዝርዝር ይወጣል። ሽቦውና ምሰሶው ላይ ያለው የመብራት ሣጥን ተነቅሎ ሰው ላለበት ሰፈር ይሰጣል። ነዋሪዎቹም ቦታ ወዳለባቸው ከተሞች ይመደባሉ። ምደባውን አንድ በአንድ አነበበችው። እኔ ሞጆ ደረሰኝ። ዚያድ ሰመራ ሲባል «ከሙቀት ሸሽቼ ሰመራ?» ብሎ ራሱን ያዘ። እማማ ሜላት ብቻዋን የምትኖር አረጋዊት ስለሆነች ደብረ ብርሃን፣ የአረጋውያን ማረፊያ።

«ደብረ ብርሃን ብርድ ነው አቦ» አለች እማማ ሜላት። «ይሄን ሁሉ ዓመት የለመድኩትን ላብ ምን ላድርገው?»

ጥቂት ሰው ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። የሻሿን ጫፍ ጣቷ ላይ እየጠቀለለች መሬት መሬት ታይ ነበር። ያን ሁሉ ቀን አጠገቧ ተቀምጬ ስበላ፣ ይህች ሴት ከሌለች እኔም ሦስተኛ ረድፍ ውስጥ ምንም እንደሌለኝ እስከዚያች ሰዓት አላስተዋልኩም ነበር።

ዝርዝር ውስጥ ለመቆየት አንድ መንገድ ብቻ አለ አለች ድምጿ። ከነገ ጀምሮ ለሦስት ተከታታይ ቀን፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ውስጥ ነው ተብሎ በሚታሰብበት ሰዓት፣ ማለትም ከሰባት እስከ አሥር፣ ቢያንስ ዘጠኝ ቤት የገዛ ነዋሪው ተቀምጦበት መገኘት አለበት።

ድሬ፣ በሰኔ፣ ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት። ያለ ኤሲ፣ በራቸው ተዘግቶ በሚቆጠሩ ቤቶች ውስጥ።

ተመካከርን። ሕፃን ያለበት ቤት አይሆንም፣ ነፍሰ ጡር ያለችበት አይሆንም፣ አስም ያለበት አይሆንም። እንደዚያ እየቀነስን ስንሄድ ስምንት ቤት ቀረን። ከዚያ እማማ ሜላት እጇን አነሣች።

«የኔ ዘጠነኛ ነው።»

«ደም ግፊት አለብሽ» አልኳት።

«ላንተ ማን ነገረህ?»

«አንቺው ነሻ! በየቀኑ ስትለኪ እያየሁሽ!»

«እንግዲያው በየቀኑ ስለካ ካየኸኝ ራሴን እንደምጠብቅም ታውቃለህ። ነርስ ነበርኩ እኮ። በዚያ ላይ ዘጠነኛ ካለህ አምጣና እኔ ልቅር።»

ዘጠነኛ አልነበረኝም።

*

የተስማማነው ይህንን ነው። እሷ በየሩብ ሰዓቱ ግድግዳውን ሦስት ጊዜ ታንኳኳለች፤ እኔ ሁለት ጊዜ እመልሳለሁ። ካላንኳኳች በሬን ከፍቼ እሄዳለሁ፤ ካልመለስኩ እሷ ትመጣለች። ሁለተኛውን የጨመረችው እሷ ናት፤ እኔ ስቄ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ልብሴን አውልቄ ሲሚንቶው ላይ ተኛሁ። ሙቀቱ ከጣሪያው እየወረደ ደረቴ ላይ ይቀመጣል። ኳ ኳ ኳ ትላለች፤ ኳ ኳ እላለሁ። አሥር ሰዓት ሲሆን በራችንን ገፍተን ወጣን። ዘጠኛችንም የተቀቀለ ድንች መስለን ስንንገዳገድ፣ የቀሩት ውኃ ይዘው ጠበቁን። ድምጿ ደወለች፦ «ዘጠኝ ቤት። አንደኛ ቀን።» ግቢው በእልልታ ተናወጠ።

በሁለተኛው ቀን ባሰ። እማማ ሜላት ስትወጣ ከንፈሯ ደርቆ ነጭ ሆኖ ነበር፤ እጇን ስይዛት እንደ ምጣድ ያቃጥላል። «ነገ ይቅር» አልኳት። «ነገማ የመጨረሻው ነው» አለችኝና ምንጣፏ ላይ ጋደም አለች። ያን ምሽት አንሶላዎቼን ሁሉ አረጠብኩ። በማግስቱ፣ ቆጠራው ከመጀመሩ በፊት፣ የኔን ሦስት እርጥብ አንሶላዎች ወስጄ እሷ ቤት ውስጥ ሰቀልኳቸው።

«ለራስህስ?» አለችኝ።

«አለኝ» አልኳት። አልነበረኝም።

ሦስተኛው ቀን፣ ሰባት ሰዓት። ሦስቱን ሰማሁ፤ ሁለቱን መለስኩ። ሰባት ከሩብ፣ ሰባት ተኩል፣ እንዲሁ እየተባባልን ስምንት አለፈ። ዘጠኝ ላይ እንደ መለስኩ አስታውሳለሁ። ከዚያ ያን የሙሽራ ቀሚስ እየሰፋሁ ነበር። መኪናዬ ትዘፍናለች፣ ኤሲው ነፋሻ ነው፤ እጅጌው ግን አያልቅም፣ በሰፋሁት ቁጥር ይረዝማል። አንድ ሰው ከሩቅ ያንኳኳል። ቆይ፣ ይህችን ልጨርስ እላለሁ።

ስነቃ ፊቴ ላይ ውኃ እየወረደ ነው። እማማ ሜላት ጭንቅላቴን ጭኗ ላይ አድርጋ በጥፊ ትመታኛለች፤ መታከም ይሁን መናደድ ለመለየት አስቸጋሪ ነው። ከኋላዋ ዚያድ በእንስራው ቆሟል። ከሱ ኋላ የቤት ቁጥር ስምንቷ ሴት፣ የቤት ቁጥር አሥራ አንዱ ሰውዬ፣ ከዚያ በሩ ላይ የተጠቀጠቀው ሕዝብ። እኔ መልስ ባጣሁ ጊዜ እሷ በሯን በርግዳ መንገዱ ላይ «ኢምራን! ኢምራን አልመልስ አለ!» ብላ ጮኻለች። ያላት ዕድሜና የወጣላት ድምፅ አይመጣጠንም ብሏል ዚያድ። ሁሉም የተቀመጠበትን ቤት ጥሎ ሮጠ። ሕፃን ያቀፉት እንኳ መጥተዋል።

«ቆጠራው!» አልኩ መናገር እንደቻልኩ። «ሂዱ፣ ግቡ፣ ግማሽ ሰዓት ነው የቀረው!»

ማንም አልተንቀሳቀሰም።

«አንሶላ አለኝ አላልክም?» አለችኝ እማማ ሜላት። እንባዋ አገጬ ላይ ጠብ አለ። «ውሸታም!»

አሥር ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። «አንድ ቤት» አለች ድምጿ። «አርባ አንድ ነዋሪ። እንደ ስሕተት ተመዝግቧል። ሦስተኛ ረድፍ ከዝርዝሩ ወጥቷል። ትዕግሥትዎን እናደንቃለን።»

ዚያድ ለመጀመሪያ ጊዜ አልተሳደበም። ስልኩን አጥፍቶ ኪሱ ውስጥ ከተተው። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አለቀስኩ። በእንቅልፌ ምክንያት አርባ አንድ ሰው ሊበተን ነው። አንድም ሰው ግን ይህን ቃል አልተናገረኝም፤ ያን ቀንም፣ ከዚያም በኋላ።

*

ሽቦውን የሚነቅለው መኪና የመጣው ከዚያ በሁለተኛው ቀን፣ ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። ረጅም ክንድ ያለው፣ ሥራውን ሁሉ ራሱ የሚሠራ መኪና ነው። አብራው የመጣችው ሠራተኛ የምታስፈልገው ሣጥኑን ለመፈተንና መጨረሻ ላይ ለመፈረም ብቻ ነው። ሶፋኒት ትባላለች፤ ሃምሳ ዓመት የሚሆናት፣ ጫማዋ ውስጥ አሸዋ የገባባት፣ የደከማት ሴት ናት። ዚያድ ግቢ በር ላይ ቆማ እኛን አየች፣ ወረቀቷን አየች፣ እንደገና እኛን አየች።

«ባዶ ነው ተብዬ ነው የመጣሁት» አለች።

«ግቢ፣ ፀሐይ ላይ አትቁሚ» አለቻት እማማ ሜላት።

ቦታ ለቀቁላት። ከእንስራው ውኃ ተቀዳላት። ዚያድ የሠራው ፉል ቀርቦ ስለነበር ዳቦ ተቆርሶ እጇ ላይ ተደረገ። ሊነቅሉን የመጡ መሆናቸውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ነገር ግን በምሳ ሰዓት የመጣ ሰው በምሳ ሰዓት የመጣ ሰው ነው።

«እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች እማማ ሜላት። «ይሄን ያህል ቀን ያልተጠገነው ምኑ ነው? ትራንስፎርመሩ ነው?»

«የናንተ መስመር?» አለች ሶፋኒት እየጎረሰች። «የናንተማ ከተጠገነ አሥራ ስድስት ቀኑ። ሣጥኑ ውስጥ ማብሪያው ብቻ ነው የቀረው። ቆጠራ ነው የሚጠብቀው።»

አርባ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ተናገረ። ዚያድ ትራሱን አንሥቶ መሬት ላይ ፈጠፈጠው። ሶፋኒት ዳቦዋን ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና እስኪበርድልን ጠበቀች። ሠላሳ ምናምን ቀን የተጠራቀመ ንዴት ነበርና ጥቂት ቆየ። እሷን ግን ማንም አልሰደባትም፤ ፉሉን እየበላች ነበራ።

በመጨረሻ «ስሙኝ» አለች። «ሣጥኑን ከመንቀሌ በፊት መሥራቱን መፈተን አለብኝ። ደንብ ነው። ሩብ ሰዓት አብርቼ፣ አጥፍቼ፣ እነቅላለሁ።»

«ሩብ ሰዓት ምን ይሠራልናል?» አለ ዚያድ።

«ምንም።» ፉሉን በዳቦዋ ቀስ አድርጋ ጠረገች። «ደግሞ ሌላ ደንብ አለ። ሠራተኛ ምሳ ላይ ከሆነ መኪናው ምንም አይነካም፤ የተጀመረ ፈተናም መብራቱ እንደበራ ባለበት ይቆያል። እኔ ምሳ አልጨረስኩም።» እማማ ሜላትን ቀና ብላ አየቻት። «እናቴ ሁልጊዜ ትቆጣኝ ነበር፣ ቀስ ብዬ ነው የምበላው። አንዳንዴ እስከ አሥር ሰዓት። አንዳንዴ ሳልጨርስ ይመሽና በነጋታው እቀጥላለሁ። ሦስት ቀን የፈጀብኝ ጊዜም አለ።»

ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ወሰደብን። ከሁላችንም ቀድማ የገባት እማማ ሜላት ናት። «ፉል ጨምሩላት!» ብላ ጮኸች።

ሶፋኒት እጇን ሱሪዋ ላይ ጠርጋ ወደ ምሰሶው ሄደች። ሣጥኑን ከፈተች። በረድፉ ያሉ አሥራ ሰባት ኤሲዎች በአንድ ጊዜ አጉረመረሙ፣ መስኮቶች ተንጣጡ፣ ከኔ ቤት የስፌት መኪናዬ ድምፅ ተሰማ። እኛ አፋችንን ከፍተን ቆምን። እንዴት እንደሚደሰቱ አላወቅንበትም። እማማ ሜላት ብቻ ሁለት እጇን ወደ ላይ ወርውራ፣ እንደ ሰባት ዓመት ልጅ እየዘለለች፦

«መጣ!»

ከዚያ ሁላችንም ጮኽን። «መጣ! መጣ!» ጩኸታችን ሳቢያን ድረስ ተሰምቷል ብላ እኅቴ ነግራኛለች፤ ይሰማቸው!

«በሉ አሁን» አለች ሶፋኒት ወደ ምንጣፏ እየተመለሰች። «ሰባት ሰዓት ሊሆን ነው። በየቤታችሁ ግቡና ተቆጠሩ፤ ሣጥኑ ሳይነቀል ሦስት ቀን ከተቆጠራችሁ ትእዛዙ ይሰረዛል። እኔ ምሳዬ ላይ ነኝ።»

ገባን። ሦስት ቀን፣ ከሰባት እስከ አሥር፣ በቀዝቃዛ ቤት። ሶፋኒት በየቀኑ እየመጣች ኒሙ ሥር ብቻዋን በላች። በሦስተኛው ቀን አሥር ሰዓት ላይ ድምጿ ደወለች፦ «አሥራ ሰባት ቤት። የመንቀል ትእዛዙ ተሰርዟል። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን።» ሶፋኒት ፈረመች፣ ጫማዋን አራገፈች፣ ሄደች።

*

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ቀስ ብሎ ነው የሆነው፤ ማንም አስቦበት አይደለም። በመጀመሪያው ቀን ሰው ምንጣፉን ከዚያድ ግቢ ሊወስድ መጣና አንድ ሰዓት አውርቶ ሄደ። በሁለተኛው ቀን ሁለት ሰው መጣ። በአምስተኛው ቀን ባልፍ ኒሙ ሥር የነበረችው ግማሽ የፀሐይ ሰሌዳ ብቻዋን ትሞቃለች። ሙቀቱ እንዳለ ነው፤ ኤሲው ግን ያለው ቤት ውስጥ ነው። ሥራም ተቆልሏል። ሙሽራዋ እጅጌ በሌለው ቀሚስ አግብታለች፤ ሆኖም እጅጌውን ጨርስልኝ ብላ ላከችብኝ፤ ቁጭት ነው መሰለኝ።

እኔም በሬ ተዘግቶ መስፋት ጀመርኩ። በየሩብ ሰዓቱ ሳላስበው ወደ ግድግዳው ቀና እላለሁ። በስምንተኛው ቀን ላንኳኳ እጄን አነሣሁና፣ ምን ልላት ነው ብዬ መለስኩት። ደኅና ናት፤ ዜናዋ ይሰማል። የዜናዋ ድምፅ እንጂ የሷ አይሰማም።

በዘጠነኛው ቀን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ እጅጌውን ልጨርስ አንድ ጣት ሲቀረኝ፣ በሩ «ጎብኚ» ከማለቱ በፊት በቡጢ ተደበደበ።

ገፋሁት። እማማ ሜላት ናት። ሻሿ እንደ ሁልጊዜው አጋድሏል። ምንጣፏን ጠቅልላ በብብቷ ይዛለች። በስተኋላዋ የቤቷ በር ክፍት ነው፤ ውስጡ ጨለማ፣ ኤሲው ዝም ያለ። በሩ አጠገብ ያለው የመብራት ማጥፊያ ብሬከር ወደ ታች ወርዷል፤ ከቆምኩበት ይታየኛል። መታየቱን እሷም አውቃለች መሰለኝ፣ ዓይን ዓይኔን አታየኝም።

«የእናንተም ጠፍቷል?» አለችኝ።

ከቤቴ የሚወጣው ቀዝቃዛ ነፋስ የሻሿን ጫፍ ያውለበልበዋል። ከኋላዬ መኪናዬ ትንጫጫለች። መብራቱ ጀርባዬ ላይ በርቷል።

እጄን ሰድጄ የራሴን ብሬከር ወደ ታች ሳብኩት። መኪናዬ መርፌዋን ጨርቁ ላይ እንደሰካች ቀጥ አለች።

«የኛም ጠፍቷል» አልኳት። «ቆይ፣ ምንጣፌን ላምጣ።»

ፊቷ ፈካ። ዘወር ብላ ረድፉን ወደ ታች አየች።

«እንግዲያው ና» አለችኝ፣ «እነ ዚያድንም እንጠይቃቸው።»